ስለ ውጅግራና ስለ ጭስ አልባ ባሩድ



ብዙዎቻችሁ በከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ብትሆኑም፥ በአገር ቤት ከአባታችሁ ምሰሶ ላይ የተሰቀለች ውጅግራ ያለቻችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። የዛሬው ንግግሬ ስለ እርስዋ ነው።

ውጅግራ የሚለው ስም የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር ነው። ይህች አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ ጠመንጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. በፈረንሳይ ተበጀች። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመቱት ብዙዎቹ የታጠቁት እርስዋን ነበር፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጎጃም አርበኞችም ተዋግተውባታል። ስለዚህ ልጅ የአባቱን ውጅግራ ቢያከብር አይነቀፍም።

ነገር ግን የተበጀችው ለጥቁር ባሩድ ነው። በቀለህዋ የሚሞላው 5 ግራም ከሩብ ያህል ነበር፤ ጭሱ ብዙ፥ ግፊቱ ግን መጠነኛ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በአሲድ ከተለወጠ ጥጥ ጭስ አልባውን ባሩድ አወጣ። የዚህ ጉልበት ከጥቁሩ እጅግ ስለሚበልጥ፥ በ1886 ለእርሱ የሚስማማ አዲስ ጠመንጃ ለቤል ተሠራለት። የውጅግራ መቀርቀሪያ ግን ተኩሱን የሚቋቋመው በእጀታው ሥር ባለው አንድ ጉጥ ብቻ ነው። በጥቁሩ ባሩድ መስፈሪያ ጭስ አልባውን የሞላ ሰው ፈንጂ በፊቱ አጠገብ እንዳስቀመጠ ይቈጠራል።

ይህን የምናገረው በመጽሐፍ ብቻ አውቄው አይደለም። ከዓመታት በፊት ለበዓል ወደ ደጀን በወረድሁ ጊዜ አጎቴ፥ «አንተ ተምረሃል፤ የዘመኑ ጥይት ባሩድ ለውጅግራዬ ይሆናልን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላስብ፥ «ባሩድ ያው ባሩድ ነው» አልሁ። እርሳቸውም ቃሌን አምነው፥ በአንድ አርበኛ ለቅሶ ላይ ሊተኩሱባት ቀለሁን በዚያ ባሩድ ሞሉ። ቃታውን ቢስቡ መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይናቸውን አጠፋው። እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ ለእኔ ግን ከወቀሳ ይልቅ ዝምታቸው ከበደኝ።

በውጭ አገር በአሮጌው አምሳል ከጠንካራ ብረት አዲስ በተሠሩ ጠመንጃዎች ጥቂት ጭስ አልባ ባሩድ በሚዛን እየለኩ የሚተኩሱ ባለሙያዎች አሉ። የእነርሱ ልማድ ለአባቶቻችን መሣሪያ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1914 ጀምሮ ፈረንሳዮች አንዳንዱን ውጅግራ አፈሙዙን ለውጠው ለ8 ሚሊ ሜትር ጥይት አድርገውታል፤ የቀደመው ግን 11 ሚሊ ሜትር ነው። በመልክ ስለሚመሳሰሉ ጥይቱን በግምት ማጉረስ አይገባም።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት ስትወርዱ ይህን ለዘመዶቻችሁ ንገሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ውጅግራዪቱም ዘይት ተቀብታ በክብር ትሰቀል። እናንተም የማታውቁትን ብትጠየቁ፥ «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለትን አትፈሩ። የተማረ ሰው ቃል በገጠር እንደ ማስረጃ ይቈጠራልና።