የዳሌ ወለል ሕክምና መቼ ይፈለጋል?

(ደሴ፣ ፒያሳ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከደሴ ፒያሳ ሽቅብ በሚወጣው ዳገት ሸክም ይዛ የምትሄድ እናት ሲያስላት ሽንቷ ቢያመልጣት ለማንም አትናገርም። በኮምቦልቻ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውለውም እንዲሁ ናት። ሁለቱም «ከወሊድ ወዲያ ያለ ነገር ነው» እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ፤ እናትና ጎረቤትም የሚያስተምሯቸው ይህንኑ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ሴቲቱ ሕመሟን የምትደብቀው አፍራ ብቻ ሳይሆን የሚጠይቃት በማጣቷም ጭምር ነው።

የዳሌ ወለል የሚባለው ከፊት ካለው የብልት አጥንት አንሥቶ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ ጠፍር አልጋ ተወጥሮ ፊኛን፣ ማኅፀንንና የሰገራን መውጫ የሚሸከም የጡንቻ ስብስብ ነው። እርግዝና፣ የተራዘመ ምጥ፣ ተደጋጋሚ ወሊድ፣ ከባድ ሸክም፣ የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀት ይህን ጠፍር ያላሉታል። የአልጋ ጠፍር ሲላላ ተመልሶ እንደሚወጠር ሁሉ፣ እነዚህም ጡንቻዎች በሥራ ይጠነክራሉ። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ይህንኑ በጽሑፍ ካሳወቀ ወዲህ፣ የጡንቻ ልምምድ ሲያስል ወይም ሸክም ሲነሣ ለሚያመልጥ ሽንት በመጀመሪያ የሚሰጥ ሕክምና ሆኗል።

እንግዲህ ጊዜው መቼ ነው? አንዲት አራስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ሽንት ቢያመልጣት ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላም የሚያመልጣት ከሆነ፣ ከታች የመክበድ ወይም የሚወጣ ነገር ያለ መስሎ ከተሰማት፣ ፈስ ወይም ሰገራ መያዝ ካቃታት ግን በትዕግሥት የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እናት ስለ ራሷ ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ እምብዛም አትመጣም፤ ስለ ልጇ ግን ትመጣለች። በአገራችን የክትባት ሰሌዳ መሠረት ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል። ስለዚህ እናቲቱ በእነዚህ ሦስት ቀናት ብትጠየቅ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላም የመንገድ ወጪ አያስፈልጋትም። በ6ኛው ሳምንት ልምምዱን ትማራለች፤ በ10ኛው በትክክል መሥራቷ ይታያል፤ በ14ኛው ምንም ለውጥ ካላገኘች ወደ ፊዚዮቴራፒ ወይም ወደ ማኅፀን ሐኪም ትላካለች።

ጥያቄውም አማቷ በተቀመጠችበት ሳይሆን በር ተዘግቶ፣ በግልጽ አማርኛ ሊቀርብ ይገባል፦ «እኅቴ፣ ሲያስልሽ ወይም ሸክም ስታነሺ ሽንት ያመልጥሻል? ከታች የሚከብድሽ ወይም የሚወጣ ነገር አለ?» በዕድሜ የገፉትም በአክብሮት ይጠየቁ፤ ይህ ችግር በአራሶች ብቻ የተወሰነ አይደለምና።

ልምምዱ ራሱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሴቲቱ አየር እንዳያመልጣት እንደምትከለክል አድርጋ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትስባለች፤ ትንፋሿን ግን አታምቅም፤ ከዚያም ፈጽማ ትለቃለች። በአንድ ጊዜ ቢያንስ 8፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ትሠራለች። በሳምንት ውስጥ ለውጥ ባለማየቷ እንዳትተወው አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል። ማኅፀኗ ጥቂት ለወረደባት ሴትም ልምምዱ ይረዳል፤ ወደ ውጭ ለወጣባት ግን ደጋፊ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

መቼ ልምምድ እንደማይበቃ ማወቅም የዚያኑ ያህል ይጠቅማል። ከተራዘመ ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ሽንት የሚፈሳት ሴት ፊስቱላ ይዟት ሊሆን ይችላል። ጡንቻ ማጠንከር ቀዳዳ አይደፍንም። እንዲህ ያለችው እናት ወዲያው ካቴተር ሊገባላትና ልትላክ ይገባል፤ ትንንሽ ቀዳዳ ቶሎ ከተደረሰበት በካቴተር ብቻ ሊድን የሚችልበት ጊዜ አለና። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ካትሪን እና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቁመዋል፤ በክልላችንም በባሕር ዳር የሃምሊን ማዕከል አለ። ቀዳዳው ከተደፈነላቸው ሴቶች መካከል እንኳ ሽንት መያዝ የሚያቅታቸው አሉ፤ የቀዶ ሐኪሙና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሥራ አንዱ ያለሌላው የማይሟላውም በዚህ ምክንያት ነው።

በግንኙነት ጊዜ ብርቱ ሕመም የሚሰማት ሴት ጡንቻዋ የላላ ሳይሆን የተኮማተረ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳትመረመር «አጥብቂ» ብትባል ሕመሟ ይብስባታል፤ እርሷ የሚያስፈልጋት መልቀቅን መማር ነው። ሽንቷ ደም የቀላቀለ፣ ጭራሽ መሽናት ያቃታት፣ ትኩሳት ያለባት ወይም በመቀመጫዋና በእግሮቿ መካከል የደነዘዛት ሴት ደግሞ ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አይጠብቅም። ክትባት በሚሰጥበት ክፍል አንድ መጋረጃና ጥያቄውን ሳያፍር የሚያቀርብ ባለሙያ ካለ ሥራው ሊጀመር ይችላል። ሴቲቱ ዝም ማለቷ ደኅና መሆኗን አያመለክትም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል ከባለሙያው ይጠበቃል።