ከእጅ ወደ አፍ፣ በእንግሊዝኛ



ከለጋሾች የሚመጣልን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈሊጡ ሳይገባን ብንፈርም ዕዳው የእኛው ነው። «ኢን ዘ ሬድ» ሲሉ የቀለም ወሬ አይደለም፤ ሒሳቡ ከስሯል ማለታቸው ነው። በእጅ በሚጻፍ መዝገብ ኪሳራ በቀይ ቀለም ይሰፍር ነበርና። ሱቃችን ሲከስር እኛም «አወር ሾፕ ኢዝ ኢን ዘ ሬድ» ብለን በግልጽ እንጻፍ፤ ከተሸፋፈነ ሪፖርት ይሻላል።

«ሃንድ ቱ ማውዝ»ማ የቤታችን ነው፦ ከእጅ ወደ አፍ። አሶሳ ገበያ ማንጎ ቸርችረን የምናድርበት ኑሮ። በበርታኛ አፋቸውን የፈቱ እኅቶቻችን ደግሞ በዚህ ይቀድሙናል፤ አማርኛ ሲማሩ «እጅ አጠረኝ» የክንድ ልኬት እንዳልሆነ ለይተዋል።

ለቅዳሜ ሁላችንም ስለ ሽያጫችን በእነዚህ ፈሊጦች አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንምጣ።