ከወንጀልነት ማውጣት፦ ቃሉና የድንገተኛ ክፍሉ



የሕግ ቃል ይዤ የቆምኩት ሕግ ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስለሚያስፈልገን ነው። ቃሉ «ከወንጀልነት ማውጣት» ነው፤ ከሌሎች ሦስት ቃላት ጋር ይምታታል። ይቅርታ የተፈረደበትን ሰው ቅጣት ያስቀርለታል። ምሕረት ያለፈውን ድርጊት ከነክሱ ይሰርዛል። በሁለቱም ድርጊቱ ነገ ለሚፈጽመው ሰው ወንጀል እንደሆነ ይቀራል። ሕጋዊ ማድረግ ደግሞ መፍቀድ ነው። ከወንጀልነት ማውጣት ግን የወንጀል ቅጣቱን ማንሳት እንጂ ድርጊቱን ማጽደቅ አይደለም። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2001 ለግል መጠቀሚያ የሚሆን አደንዛዥ ዕፅ መያዝን ከወንጀልነት ስታወጣ ክልከላውን አላነሳችም። ተጠቃሚው በፍርድ ቤት ፋንታ ኮሚሽን ፊት ይቀርባል፤ ነጋዴው ግን ዛሬም ይታሰራል።

ወደ ሙያችን ልምጣ። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1961 ራስን የማጥፋት ሙከራን ከወንጀልነት አወጡ፤ በዚያው ሕግ ሌላውን የረዳ ሰው እስከ 14 ዓመት እንዲታሰር ደነገጉ። ጋና በ2023 ሕጓን አሻሻለች። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2025 ሙከራውን የሚቀጣው ድንጋጌ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል አለ። የእኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ያነሳሳውንና የረዳውን ነው፤ ሞክሮ የተረፈውን አይደለም።

ታዲያ ቤተሰብ ለምን ይደብቀናል? ፀረ-ተባይ የጠጣች ልጅ ተሸክመው ይመጡና «ምግብ ነው የመረዛት» ይሉናል። ፖሊስ ይፈራሉ፤ የሰው አፍ ይፈራሉ። እኛ ደግሞ ምን እንደጠጣችና በስንት ሰዓት እንደጠጣች ካላወቅን አትሮፒን ለመጀመር እንዘገያለን። በረኪና ከሆነም ማስታወክ ራሱ ይጎዳታል። ሕጉ ያልጣለውን ቅጣት ፍርሃቱ ይጥልባታል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አስታማሚዎቹን ገለል አድርጋችሁ፣ ረጋ ብላችሁ፣ «መሞከሯ አያስከስሳትም፤ የምንጠይቃችሁ ለማዳን ነው» በሏቸው። ሌላ ሰው አስገድዷት ወይም ረድቷት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱን አታድበስብሱት። የምታስተምሩ መምህራንም ስለ መመረዝ በምትሰጡት ትምህርት ላይ ይህችን ዓረፍተ ነገር ጨምሩልን። ተማሪው የመድኃኒቱን መጠን እንደሚያጠና ሁሉ እሷንም አጥንቶ ይውጣ።