አንድ አገርነት በማዕድ ይታወቃል
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)



ብዙ ነገድ በሚኖርበት አገር ሰውን አንድ ሕዝብ የሚያሰኘው ምንድር ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙዎች ቋንቋ ነው ይላሉ። ነገር ግን በጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ታሪክ ይህ መልስ እንደማይበቃ ያስረዳል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ገደማ በዚህ አገር ያለፈው የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ፥ ወይጦዎች ከሌላው ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል። በ1907 ግን የጀርመኑ ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ አማርኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን አስታወቀ። ታዲያ በቋንቋ አንድ ሲሆኑ በማዕድ አንድ ሆኑን? አልሆኑም። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑ ራቃቸው፤ እስላም ነን ቢሉም እስላሙ እንደ ወንድም አልተቀበላቸውም። የጉማሬ አደን ከቀረ በኋላም ንቀቱ አልቀረም።

በአንጻሩ የአዊን ሕዝብ ተመልከቱ፤ አገውኛውን ሳይተው ከአማራው ጋራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፥ ይጋባል፥ ይዋለዳል። እንግዲህ ቋንቋ መለየቱ አላራቀም፥ ቋንቋ አንድ መሆኑም አላቀረበም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የአገሪቱን ሥልጣን ለብሔሮች፥ ለብሔረሰቦችና ለሕዝቦች ሰጠ። በአማራ ክልልም አዊ፥ ኽምራና ኦሮሞ የየራሳቸው የብሔረሰብ አስተዳደር አላቸው፤ ወይጦ ግን የለውም። ቢኖረውም እንኳ ሕግ ወንበር ይሰጣል እንጂ ማዕድ አይሰጥም። ማዕድን የሚሰጥ ጎረቤት ነው።

በጣና ላይ መነኮሳትን፥ እህልንና እንጨትን ሲያሻግር የኖረውን የደንገል ታንኳ በመሥራት ከማንም ይልቅ የታወቀው ወይጦ ነው። የወፍጮ ድንጋይም ጠርቦ ይሸጥ ነበር። በታንኳው ተሻግሮ፥ በወፍጮው አስፈጭቶ ሠሪውን ከደጅ ማስቀረት እንደምን ያለ ነውር ነው! ጌታ ባልንጀራዬ ማን ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ የተናቀውን ሳምራዊ ምሳሌ አድርጎ መመለሱን ካህናት ታውቃላችሁ።

ይህ ሃይማኖትን መቀላቀል አይደለም። በሠርግ ለእስላም ጎረቤት ለብቻው እንደሚታረድለት ለወይጦውም ይታረድለት፤ በኀዘንም ይጠራ። ከተማው ሲሰፋ ከባሕሩ ዳር እየተገፋ ነውና፥ የዳሩ መሬት ሲከፋፈልና ደንገሉ ሲመነጠር አስቀድሞ ይጠየቅ። ልጁም በትምህርት ቤት በነገዱ ስም አይሰደብ።

ይህ ደብር ዕድሜውን በሚቆጥርበት በዚህ በዓል፥ ጎረቤቱንም አብሮ ይቁጠር። እግዚአብሔር ለአገሪቱ ፍቅርንና ሰላምን ይስጥ፤ አሜን።