ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ነው የተሳሳተው

(በምሩቃን መሰባሰቢያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ሳይንስን ለሕዝብ ስለማስረዳት እንድናገር ስጠየቅ ርእሱ ሰፋብኝ። ስለዚህ አንድ ክትባት ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መሰጠት ሲጀምር አብሮት አንድ ወሬ ተነሣ፤ «ልጆቻችንን መካን ሊያደርጉብን ነው» የሚል። ወሬው እስከ ዛሬ አልሞተም። በቴሌግራምና በቲክቶክ በየጊዜው ልብስ እየቀየረ ይመጣል።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው ይኸው ነው። የማኅፀን ሐኪም እንደመሆኔ በሽታውን የማየው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። ደም ሲፈስሳት ከርማ፣ «የወር አበባ መዛባት ነው» ስትባል ቆይታ፣ ሽታው ከሰው አላስቀምጥ ሲላት የምትመጣ እናት አለች። በዚያ ደረጃ ቀዶ ሕክምና አይረዳትም፤ የሚያስፈልጋት ጨረር ነው። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ፣ ማደሪያ መፈለግና ወረፋ መጠበቅ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህን ሁሉ በልጅነት የሚሰጥ መርፌ ሊያስቀር ይችላል። ከ1.6 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የስዊድን ልጃገረዶችና ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ካልተከተቡት በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ነገር በእጃችን ይዘን በወሬ መሸነፋችን ነው የሚቆጨኝ።

ለምን እንሸነፋለን? ከባልደረቦቼ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «ሕዝባችን ስላልተማረ ነው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ጃፓንን ተመልከቱ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፈልጎ ማግኘት የሚቸግርበት አገር ነው። ክትባቱን ከሚመለከታቸው ልጃገረዶች 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይወስዱ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ግን «ከክትባቱ በኋላ ታመሙ» የተባሉ ልጆች ወሬ በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ተሰራጨ፤ መንግሥትም ክትባቱን በግልጽ መምከሩን አቆመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚከተቡት ከ1 በመቶ በታች ወረዱ። መንግሥት ወደ ቀድሞ ምክሩ የተመለሰው በ2022 ነው። እንግዲህ የትምህርት ማነስ ነው የምንል ከሆነ ይኸንን ምን ልንለው ነው?

እኔ እንደማየው ወሬ የሚገባው መልስ ያላገኘ ጥያቄ ባለበት ቤት ነው። ልጇ ልትከተብ ነው የተባለች እናት «ለምን ለሴት ብቻ? ለምን በዚህ ዕድሜ? ለምን በነፃ?» ብላ ትጠይቃለች። ሦስቱም የብልህ እናት ጥያቄዎች ናቸው። መልስም አላቸው። በእኛ አገር ለሴት ብቻ የሆነው፣ ቫይረሱ ወንዱንም ቢይዝ ትልቁን ዋጋ የምትከፍለው እሷ ስለሆነች ነው፤ አቅሙ ባላቸው ብዙ አገሮች ለወንድ ልጆችም ይሰጣል። በልጅነት የሚሰጠው፣ ክትባቱ በደንብ የሚሠራው ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘት በፊት ስለሆነ ነው። በ14 ዓመት ብቻ የተጀመረው ደግሞ በዓለም ላይ የክትባቱ እጥረት ስለነበረ ነው። ነፃ የሆነው ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ኅብረት ወጪውን ስለሚደግፍ ነው፤ ለሕፃናት የምንሰጣቸው ብዙዎቹ ክትባቶችም እንዲሁ ናቸው።

እነዚህ መልሶች ክትባቱ ከመድረሱ በፊት እናትየው ጋ ካልደረሱ፣ ወሬው ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይመልስላታል። ለሴት ብቻ የሆነው የምትወልደው እሷ ስለሆነች፣ በዚህ ዕድሜ የሆነው ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ስለሆነ፣ ነፃ የሆነው ሌላ ዓላማ ስላለው ነው ይላታል። አያችሁ፣ እርስ በርሱ የሚገጥም መልስ ነው እኮ። ጉድለቱ ውሸት መሆኑ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እንበል? «መካን አያደርግም፣ መካን አያደርግም» እያሉ መደጋገም አይጠቅምም፤ ጆሮ ላይ የምትቀረው «መካን» የምትለዋ ቃል ናት። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «እናቴ፣ ይህ ክትባት የልጅዎን ማኅፀን ከካንሰር የሚጠብቅ ነው። መካን ያደርጋል ሲባል ሰምተው ይሆናል። በውስጡ ያለው የቫይረሱን የውጭ ሽፋን የሚመስል ነገር ብቻ ነው፤ ቫይረሱ ራሱ የለበትም፣ ሊራባም አይችልም። ማኅፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው። አንዴ ሥር ከሰደደ ወይ ማኅፀኑ ይወጣል፣ ወይ በጨረር ይጎዳል። ልጅዎ ነገ ወልዳ እንድታሳይዎ ነው የምንከትባት።» እውነቱ መጀመሪያ፣ ወሬው መሀል ላይ አንድ ጊዜ፣ እውነቱ ደግሞ መጨረሻ።

የሚያምም ነገርም ካለ አስቀድሞ መናገር ነው። ክንድ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች መርፌ ሲወጉ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ይስታሉ፤ የሚስቱት ከመርፌው ድንጋጤ ነው፣ ለሌላም ክትባት ያው ነው። 15 ደቂቃ አረፍ እንዲሉ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ይህን ጠዋት የተነገረው ክፍል አንዲት ልጅ ስትወድቅ ቢያይ «እንደተባለው ነው» ይላል። ያልተነገረው ክፍል ግን እየሮጠ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ሌላ ነገር ያወራል።

ሌላው የቋንቋ ነገር ነው። ሕክምናን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚጠይቀን ሰው ግን በአማርኛ ነው የሚጠይቀን። በአማርኛ ደግሞ «ቫይረስ» የሚለው ቃል ባለቤት አለው። «ቫይረሱ አለባት» ሲባል የትኛው ቫይረስ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ፖዘቲቭ»ም እንደዚያው። አንዲት ሴት «የኤችፒቪ ምርመራሽ ፖዘቲቭ ነው» ብቻ ተብላ ከተሸኘች፣ ኤችአይቪ ይዞኛል ብላ ነው ቤቷ የምትገባው። ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢጨመርላት፣ ይኸኛው ሌላ ቫይረስ መሆኑን፣ ብዙ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንደሚይዘውና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እንደሚጠፋ ታውቅ ነበር።

ቋንቋው ራሱ የሚያግዘንም ቦታ አለ። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ክታብም ክትባትም ከዚያው ሥር ናቸው። ዘመናዊው ክትባት ሳይመጣ አባቶቻችን ከፈንጣጣ ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርገው ያስገቡ ነበር። አደጋ ነበረው፤ ሐሳቡ ግን የገባቸው ነበሩ። ፈንጣጣ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን ያጠፋውም ክትባት ነው። «ክትባት የፈረንጅ ሴራ ነው» ለሚለን ሰው ይህን ማስታወስ እንችላለን።

ደግሞ መልሱን ማን እንደሚናገረው ማሰብ አለብን። የኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ጠበል የገባ ሰው መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ይመስለው ነበር። የጤና ባለሙያ ብዙ ተናግሯል። በ1999 ዓ.ም. ግን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ያን ቃል እኛ ነጭ ጋዋን ለብሰን ብንናገረው እኩል አይሰማም ነበር። ለኤችፒቪም እንዲሁ ነው፤ የሃይማኖት አባት፣ የእድር ዳኛ፣ የቤቱን በር የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከእኛ ቀድመው ማወቅ አለባቸው።

ይህ ነገር ለዚህ ግቢ አዲስ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ወባ በደምቢያ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ ነው። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ወርደው ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ እንዲሠሩ ነበር የሚሠለጥኑት። ቆላ ድባ ወርዳችሁ የቡድን ሥልጠና የወሰዳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከመድኃኒቱ በፊት ቡናው ነበር የሚቀድመው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። መምህሮቻችን፣ ተማሪው በፈተና ላይ የበሽታውን ስም ሲጠራ ማርክ ትሰጡታላችሁ። ያንኑ በሽታ ለታካሚዋ በምትሰማው ቋንቋ ሲያስረዳም ማርክ ስጡት፤ ሳያስረዳ ሲቀር ቀንሱበት። ምሩቃን ጓደኞቼ ደግሞ፣ በየቤተሰባችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ ስቃችሁ አትለፉ። አክስታችሁ የጠየቀችውን ጥያቄ ፈልጋችሁ እሱን መልሱላት። እሷ ከተረዳች ለእድሩ ትነግርላችኋለች።

በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት የነበሩት ልጆች ዛሬ ከ20 ዓመት በላይ ናቸው። አንዳንዶቹ በወሬው ምክንያት ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። ቫይረሱ ከያዘበት ቀን ጀምሮ ካንሰር እስኪሆን በአብዛኛው 15 እና 20 ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ ለእነሱም አልመሸም። 30 ዓመት ሲሞላቸው ጤና ጣቢያ መጥተው በአቼቶ በሚደረግ ቀላል ምርመራ ቁስሉን ሳይከፋ ማግኘትና ማከም ይቻላል። ያን ጊዜ «ለምን እኔ? ለምን አሁን?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን ከእኛ አፍ እንዲሰሙ እንሥራ።