የዘይቱን ቅጠል ፍል

(ድምፅ፦ የሚንተከተክ ውኃ)

ከደሴ ተነስታችሁ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርዱ ብርዱ እየለቀቃችሁ ይሄዳል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ዘይቱን ደግሞ ሙቀት ይወዳል፤ ውርጭ ጠላቱ ነው።

ሳል ሲይዝ ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣት በብዙ ቤት የታወቀ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ምን አለ? አንዱ ታኒን ነው፤ ጥሬውን ስታኝኩት አፋችሁን ጭምድድ የሚያደርገው እሱ ነው። ሌላው ኩዌርሴቲን ይባላል። በቤተ ሙከራ፣ በእንስሳትም ላይ፣ ሰውነት ሲቆጣ የሚያመነጫቸውን ኬሚካሎች ሲቀንስ፣ የአንጀት ቁርጠትንም ሲያላላ ታይቷል።

ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚመረመረው በአልኮል ተነጥሮ የወጣ፣ የተጠናከረ ውህድ ነው። በእሱ የታየውን ውጤት ለቤት ፍል መስጠት፣ በእኔ እምነት፣ በረካን አቦል ብሎ እንደማቅረብ ነው።

የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ፍሉ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ደግሞ ድስቱን አውርዱና ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል።