ስለ ግንባር ባትሪ ግዢ ለአባላት የተደረገ ንግግር

(የማኅበሩ ጸሐፊ በየካቲት ወር 2018 ዓ.ም. ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ነው። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



በመስከረም ስብሰባችን ላይ «እስቲ ጸሐፊው ያጥናውና ይንገረን» ተብሎ አንድ ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። ሥራውም ማኅበሩ ለድንኳን ተካዮቹ በግንባር የሚታሰር፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ይግዛ ወይስ አይግዛ የሚል ነው። አምስት ወር ፈጅቶብኛል። «ቆየህ» ያላችሁኝ አላችሁ። እውነት ነው ቆይቻለሁ። ግን እንዲህ ያለው ዕቃ ሱቅ ውስጥ አብርተው አይተው «ደኅና ነው» የሚሉት ነገር አይደለም።

ነገሩ ከምን እንደተነሣ ታስታውሳላችሁ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከድልድዩ ማዶ ለቅሶ ሲሆን፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡም እየጣለ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድንኳን መትከል ግድ ሆነ። አንዱ ወንድማችን ስልኩን በጥርሱ ነክሶ፣ በሁለት እጁ ምሰሶውን ይዞ ወደ ኋላ ሲራመድ፣ ክዳኑ የተነሣ ቦይ ውስጥ ገባ። ቀኝ እጁ ተሰበረ። ሰውየው የቀን ሠራተኛ ነው፤ እስከ ኅዳር ድረስ ሥራ አልገባም። የማኅበራችን ደንብ ለሞተ ይከፍላል እንጂ ለተሰበረ የሚከፍለው የለም፤ ስለዚህ በየቤቱ እየዞርን አዋጥተን ነው ያገዝነው። ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ ከእኛ ጋር ተቀምጧል።

«ስልክ እያለ ባትሪ ምን ያደርጋል?» ያሉ አባት አሉ። አክብሬ ልመልስላቸው። ስልክ ያበራል፤ ግን አንድ እጅ ይወስዳል። ገመድ በአንድ እጅ አይታሰርም፣ ካስማም በአንድ እጅ አይመታም። ዝናብም ስልክ አይወድም። ሌላው ይቅር፣ ሬሳ የሚያወጡ ሰዎች ስልክ የሚይዙበት እጅ ከየት ያመጣሉ?

ወደ ጥናቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስተካክል። በእኛ አነጋገር የሚያበራውንም ባትሪ እንላለን፣ ውስጡ የሚገባውንም ባትሪ እንላለን። እንዳንደናገር እኔ የሚያበራውን ባትሪ፣ ውስጡ ያለውን ደግሞ እንደ ድሮው «ድንጋይ» እለዋለሁ።

መጀመሪያ ወደ መርካቶ ወረድሁ። ሻጩ 750 ብር ብሎ በ600 ሰጠኝ። ከራሴ ኪስ ነው፤ የማኅበሩን ሣንቲም አልነካሁም። ካርቶኑ ላይ «10,000 ሉመን» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ሉመን ማለት የብርሃን መለኪያ ነው። ድንጋዩ ላይ ደግሞ 9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት ይላል፤ ይህም ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚይዝ የሚነግር ነው። እኔም ቁጥሩን አይቼ ደስ አለኝ። እንዲያውም በዚያው ሳምንት ለኮሚቴው «አገኘሁ፣ ጨርሻለሁ» ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሰዓት አስቀምጬ ፈተንሁት። ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በኃይለኛው አበራሁት። በመጀመሪያ ግቢው ቀን መሰለ። 2 ሰዓት ከ10 ሲሆን ብርሃኑ ወረደ። 3 ሰዓት ላይ የራሴን ጫማ ለማየት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። ድንኳን ተክሎ ለመጨረስ እኮ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን ዘንድ ወሰድሁት። ካርቶኑን አይቶ ሳቀ። «የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ያህል ነው የሚሰጠው። 10,000 ከሆነ አሥራ ሁለት አምፖል ግንባርህ ላይ አስረሃል ማለት ነው። ግንባርህ ይቃጠል ነበር» አለኝ። ከዚያ ድንጋዩን አውጥቶ በእጁ ከፍ ዝቅ አደረገና «ይህ ባዶ ነው» አለ። አላመንሁትም። ቀጥ ብዬ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ሄጄ በወርቅ ሚዛን አስመዘንሁት፤ 27 ግራም ሆነ። ጠጋኙ ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ያወጣው በቁመትም በውፍረትም አንድ ዓይነት የሆነ ድንጋይ ግን 45 ግራም መዘነ። ደኅናው ድንጋይ ከ42 እስከ 50 ግራም ድረስ እንደሚመዝን ያን ጊዜ ተማርሁ። የእኔው ውስጡ ትንሽ ነገር ተደርጎ ቀሪው ቅርፊት ነው።

የዚህ ድንጋይ ስሙ 18650 ይባላል። 18 ውፍረቱ ነው፣ 65 ቁመቱ ነው፣ ሁለቱም በሚሊሜትር፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ ድቡልቡል ነው ለማለት ነው። በዚህ ልክ የሚሠራ ደኅና ድንጋይ ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ 9,900 የሚል ጽሕፈት ካያችሁ ሻጩን አትከራከሩት፤ አስቀምጡትና ውጡ።

አሁን ነው እንግዲህ ዋናው ነገር የመጣው። ጠጋኙ ያን 45 ግራሙን ድንጋይ በዚያው በ600 ብሩ ባትሪ ውስጥ ከተተልኝ። ማታ እንደገና ፈተንሁት። ከምሽቱ 1 ሰዓት የበራው ኃይለኛ ብርሃን ከ4 ሰዓት በኋላ ነው መውረድ የጀመረው። በማግሥቱ ዝቅ ባለው ብርሃን አበራሁትና ተኛሁ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስነሣ አሁንም ይበራል። ያም ድንጋይ አሮጌ ነው፤ አዲስ አይደለም። ለካ ባትሪው አልበደለም፤ የበደለን ድንጋዩ ነው። ከላፕቶፕ ማውጣቱን ግን ባለሙያ ላልሆነ ሰው አልመክርም፤ ሲፈታ የተነካካ እንደሆነ እሳት ያነሣል።

ልጄ ደግሞ አንብቦ እንዲህ አለኝ። ይህ ሁሉ ብርሃን ከትንሽ ድንጋይ የሚወጣው በዲዮድ መብራት ምክንያት ነው፤ አምፖል የሚበላውን አብዛኛውን ኮረንቲ ሙቀት ያደርገዋል፣ ዲዮዱ ግን አብዝቶ ብርሃን ያወጣል። ነጩን ብርሃን ያስቻለው ሰማያዊው ዲዮድ ነው፤ ለዚሁ ሥራቸው ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይህን ዓይነት ሊቲየም ድንጋይም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ልጅ ማስተማር እንዲህ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ያየሁት ባትሪ የጎረቤቴ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ገዝቶታል። ይህኛው ድንጋዩ ከውስጥ የታሸገ፣ ቀላል፣ ራስ የማይከብድ፣ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ነው። ሲታይ ከእኔው በጣም ያምራል። አዲስ ሳለ አንድ ሌሊት ይዘልቅ ነበር አለኝ፤ አሁን 40 ደቂቃ ነው። ሊቲየም ድንጋይ ጥቂት መቶ ጊዜ ተሞልቶ ሲያልቅ አቅሙ ይደክማል፤ ይህ የማይቀር ነው። ጠጋኙ ድንጋዩን ልቀይር ብሎ ሲሞክር በማስቲሽ የተጣበቀ ስለሆነ በቢላዋ መቁረጥ ግድ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ አይችልም። ስለዚህ የታሸገ አንገዛም። ክዳኑ ተከፍቶ ድንጋዩ የሚቀየር ይሁን፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ድንጋይ ብቻ እንገዛለን።

ባለ ሦስት ትንንሽ ድንጋዩንም፣ ማለት ቻርጅ የማይደረገውን፣ አይቼዋለሁ። አንዴ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ በየጊዜው ድንጋይ መግዛቱ ግን አያዋጣንም። በዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ካርቶን ላይ «20 ሰዓት ያበራል» ሲልም ጠይቁ። አምራቾች በሚስማሙበት መለኪያ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ነው። 20 ሰዓት ሙሉ እንደ መጀመሪያው ይበራል ማለት አይደለም። ይህንን የሚያከብሩት እንኳ ጥቂቶቹ ናቸው።

ስለ ዝናብም ፈትኛለሁ። «አይ ፒ ኤክስ 4» የሚል ካለ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። እኔ በጆግ ውሃ አፈሰስሁበት፤ በቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ በኩል ገባ። ባየው ጊዜ ጥፋቱ የራሴው ነው፤ የላስቲክ ውታፉን ሳልጫን ነበር ያፈሰስሁት። ከፍቼ ሁለት ቀን ሳደርቀው ዳነ። ሌሊት በዝናብ የሚሠራ ሰው ግን ውታፉን እንደማያስታውስ ዕወቁ፤ ስለዚህ ዕቃ ቤት ጠባቂው ሲያወጣ ራሱ ተጭኖ ይስጥ።

አሁን ደግሞ ስለ ነውሩ ልናገር። በታኅሣሥ ለቅሶ ላይ ባትሪውን በግንባሬ አስሬ ወደ ድንኳኑ ገባሁ። ሰው ሲጠራኝ ዞር እላለሁ፣ ስዞር ብርሃኑ አብሮኝ ይዞራል። አንዲት እናታችን «አንተ ልጅ፣ ዓይኔን አጠፋኸው እኮ!» አሉኝ። ሐዘንተኛ ፊቱን ሸፍኖ በሚያለቅስበት ቤት ፊት ለፊት ማብራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ወዲያው ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለዚህ ከድንኳኑ ደጃፍ ሲደርሱ ማጥፋት፣ ውስጥም ሥራ ካለ ዝቅ ያለውን አብርቶ ወደ መሬት ማዘንበል ግድ ነው። የምንገዛው ባትሪ አንገቱ ወደ ታች የሚታጠፍ መሆን አለበት፤ የማይታጠፍም ይሸጣል፣ እንዳትሸወዱ።

ስለ ቻርጅ አደራ የምለው አለ። ፍራሽ ላይ፣ ልጆች በሚተኙበት ክፍል፣ ሰው በሌለበት ቤት ቻርጅ አይደረግም። ሲሞላ ይነቀላል። ያበጠ፣ የተጨፈለቀ ወይም የሚግል ድንጋይ ካያችሁ አትጠቀሙበት፤ እሳት ውስጥም ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉት፣ ወደ ጠጋኙ ውሰዱት። ትርፍ ድንጋይ ከሣንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ብረት ለብረት ሲገናኝ ኪስ ያቃጥላል። ፀሐይ ላይም አይውል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም፤ በግማሽ ሞልቶ ይቀመጣል።

ከዚህ ወዲያ ገንዘቡ ነው። እንደ ስልኩ ሁሉ «የዕድር ገንዘብ ለቀብር እንጂ ለባትሪ አይደለም» የሚል ሐሳብ ተነሥቷል፤ የማይናቅ ሐሳብ ነው። እኔ ሃያ ይገዛ አልልም። ድንኳን የሚተክሉት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ስድስት ባትሪ ይበቃናል። ባትሪው 600 ብር ቢሆን 3,600 ይሆናል። በካርቶኑ የሚመጣውን ድንጋይ አንጠቀምበትም፤ በሚዛን ተመዝኖ የሚገዛ ደኅና ድንጋይ ጠጋኙ በ350 ብር አገኛለሁ ብሏል፤ ስድስቱ 2,100 ነው። በድምሩ 5,700 ብር። አባሎቻችን 190 ነን፤ ለአንድ አባል 30 ብር ይደርሰዋል። ለነሐሴው ስብራት በየቤቱ ዞረን የሰበሰብነው ከዚህ እንደሚበልጥ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ከፍቶ ሊነግራችሁ ይችላል።

ባትሪዎቹ በዕቃ ቤቱ መዝገብ ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ ጋር በቁጥር ይመዘገባሉ። የወር ስብሰባ በሚደረግበት እሑድ ጠባቂው እያንዳንዱን አብርቶ ያያል፣ የጎደለውን ይሞላል። ወጥቶ በሦስት ቀን ያልተመለሰ ባትሪ ወጪውን የፈረመው ይጠየቅበታል። ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። የፈተንሁበት ባትሪ አሁን በእኔ እጅ የለም። መብራት ሲጠፋ ባለቤቴ ጓዳ ገብታ በእንጨት ስትጋግር በግንባሯ አስራው፣ «እንጀራው ዓይን ሲያወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌሊት አየሁት» ብላ አልመልስም አለች። በራሴ ገንዘብ ስለተገዛ ማንም አይከሰኝም። የማኅበሩ ቢሆን ኖሮ ግን እኔው ጸሐፊው ነበርሁ የምቀጣው።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እዚሁ ነው። ሁለቱን ድንጋዮች፣ 27 ግራሙንና 45 ግራሙን፣ በዕቃ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። መጥታችሁ አንድ አንዱን በየእጃችሁ ይዛችሁ መዝኑ፤ ሚዛን አያስፈልጋችሁም።